ኔይ የሚባልበት ቀን

የታርቤል ከተማ ጉባኤ ሰብሳቢ፣ መምህሩ ሃርላን ኮልቢ፣ በየዓመቱ የሚያደርጋትን ንግግር ዘንድሮም ጀመረ። ታላቅ እህቱ ኢዴላ ትዊቸል በከተማው አዳራሽ ማድ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ምግብ በሚታደልባት መስኮት በኩል ትሰማዋለች። ገና «ኔይ» የምትለዋ የድሮ የእምቢታ ቃል ከአፉ ስትወጣ ኢዴላ ጥርሷን ነከሰች።

«ወገኖቼ፣» ይላል ሃርላን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ዛሬ የማትፈልጉት ነገር ሲመጣባችሁ ኖ አይባልም። ኔይ ነው የሚባለው። ለምን ቢባል፣ ይህች ቃል ከዚህች ከተማም ከዚህች አገርም በዕድሜ ትበልጣለች። የዛሬ ሺህ ዓመት ግድም በሰሜን ባሕር ላይ እየቀዘፉ የመጡ ሰዎች ናቸው እንግሊዝ አገር ይዘዋት የገቡት። ቤት ሊያቃጥሉና ከብት ሊነዱ መጡ፤ እዚያው አግብተው ቀሩ፤ ቃላቸውም አብራ ቀረች።»

«ሚስቶቻቸው ናቸው ያስለመዷቸው በለና፣» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር። አዳራሹ ሳቀ።

ሃርላን ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። «ድሮ ኖ እና ኔይ ሥራቸው ለየብቻ ነበር። ሰውየው ‘ትመጣለህ?’ ብሎ ከጠየቀህ እምቢታህ ኔይ ነው። ‘አትመጣም እንዴ?’ ካለህ ደግሞ ኖ ትለዋለህ። ኋላ ሰዉ መለየት ሰለቸውና ኖ ሁሉንም ጠቅልላ ወሰደች። ኔይ በሽማግሌዎች አፍና እንዲህ ባለ ጉባኤ ላይ ብቻ ቀረች። እኛ ጋ ደግሞ በዓመት አንድ ቀን፣ ዛሬ።»

«ያምርበታል፣» አለች ኢዴላ የቦሎቄውን ድስት ክዳን ጓ አድርጋ እየከደነች። «የቃሏን ታሪክ ከነዘር ማንዘሯ ያውቃል። እሷኑ ሲናገራት ግን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም።»

አጠገቧ የፍራፍሬ ፓይ የምትቆርጠው ጎረቤቷ ቨርና፣ «ሰብሳቢ እኮ ነው፤ ምን ያድርግ፣» አለቻት።

«ሰብሳቢ ሳይሆንም ያው ነበር። አባቴ ጫካውን ለእንጨት ነጋዴ ሲሸጥ የጮህኩት እኔ፣ ያበድኩት እኔ። እሱ ጥግ ቆሞ ጫማውን ያያል።»

ኢዴላን እንዲህ ያንጨረጨራት ግን የወንድሟ ንግግር ብቻ አይደለም። ዛሬ ከሚወሰኑት ጉዳዮች አንዱ የእሷ መንገድ ነው። ከታርቤል ወደ ትዊቸል ዳገት የሚወጣው መንገድ ድሮ ብዙ ቤት ነበረበት። ሰዉ አንድ በአንድ ወርዶ ወርዶ አሁን የቀረችው እሷ ብቻ ናት፣ ከሠላሳ ላሞቿ ጋር። የከተማው አስተዳደር ታዲያ ከመጪው ታኅሣሥ ጀምሮ በበረዶው ወራት መንገዱ አይጠረግ የሚል ሀሳብ አቅርቧል። ሲነበብ ቀላል ነገር ይመስላል። መንገዱ ካልተጠረገ ግን የወተት ቦቴው ዳገቱን አይወጣም። ቦቴው ካልወጣ ወተቱ ይበላሻል፤ እንዲህ ጥቂት ከሰነበተ ደግሞ ወተት ገዢው ድርጅት ሌላ ደንበኛ ይፈልጋል። ያኔ ላሞቹን መሸጥ ነው። ላሞቹ ከተሸጡ ኢዴላ እዚያ ዳገት ላይ ምን ልታደርግ ትቀመጣለች? ባሏ ኦረን በተቀበረ ማግስት እንኳ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ላሞቿን ያለበች ሴት ናት።

ሳምንቱን ሙሉ በየቤቱ ዞራ ለምናለች። መለመን አይሆንላትም፤ ስትለምን የምትቆጣ ነው የምትመስለው። ቢሆንም ዞረች። ከአንድ ሁለቱ በቀር ሁሉም በሩ ላይ ቆሞ «አይዞሽ፣ ከአንቺ ጋር ነን» አላት። አላመነቻቸውም። የታርቤልን ሰው ታውቀዋለቻ። ጎረቤቱን ዐይን ዐይኑን እያየ አይሆንም ከሚል ጣቱን ቢቆርጡት የሚመርጥ ሕዝብ ነው። የልቡን ለማወቅ የጉባኤውን ቀን መጠበቅ ግድ ነው፤ ያን ቀንም ቢሆን ድምፁን በሌላው ሰው ድምፅ መሃል ሸሽጎ ነው የሚያሰማው።

እርግጠኛ የሆነችበት አንድ ሰው ቢኖር ልጇ ዌንዴል ነው። ዌንዴል ከሚስቱ ጋር እታች መንደር ይኖራል፤ የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና የሚነዳውም እሱ ነው። ጠዋት ድስቶቹን ከመኪናዋ ሲያወርድላት አስጠንቅቃዋለች።

«ጮክ ብለህ ነው የምትለው፣ ሰምተሃል? እንደ አዲስ ሙሽራ እንዳትሽኮረመም።»

«እሺ እማዬ።»

«መንገዱን የሚጠርገው ሰው ራሱ ኔይ ካለ ሌላው ምን አፍ ይኖረዋል?»

«እሺ አልኩሽ እኮ።» ድስቱን አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሌላም ነገር ሊል የፈለገ ይመስል ትንሽ ቆመ፤ እሷ ግን ዳቦውን ፍለጋ ፊቷን አዙራ ነበር።

በታርቤል ያልተጻፈ ደንብ አለ። የጉባኤውን ምሳ የሚሠሩት ሴቶች ጠዋቱን ማድ ቤት ናቸው። ስለዚህ ጭቅጭቅ ያለበት ጉዳይ ሁሉ ለከሰዓት ይቆያል፤ ከምሳ በፊት የሚታየው የመቃብሩ ቦታ አጥር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድጃ፣ እንዲህ እንዲህ ያለው ነው። ሴቶቹ ሳህኑን አጥበው፣ እጃቸውን አድርቀው ሲገቡ ነው ዋናው ነገር የሚጀመረው። በዚህ ተጣልተው እንኳ የማይነጋገሩ ሰዎች ይስማማሉ። ማንም ጥሶት አያውቅም ነበር፤ ሮይስ ፔተንጊል እስኪመጣ ድረስ።

ሮይስ የአስተዳደሩ ሊቀመንበር ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ እጅህን ይዞ እየሳቀ ከኋላ የሚገፋህ ዓይነት ሰው። ምሳው ሊደርስ ሲል፣ የቦሎቄውና የአሳማ ሥጋው ሽታ አዳራሹን ሞልቶ የሰዉ ሆድ መጮህ ሲጀምር፣ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ የዳገቱን መንገድ ጉዳይ ወደዚህ ብናመጣው። አጭር ነገር ነው፤ እንጨርሰውና እንብላ።»

«እደግፋለሁ፣» አለ አንድ ድምፅ።

ቨርና ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ኢዴላ፣ የአንቺን ነው የሚያወሩት።»

ኢዴላ መጀመሪያ አላመነችም። በመስኮቷ አጎንብሳ ስታይ፣ ሃርላንም ቀና ብሎ ወደ መስኮቷ አየ። ዐይን ለዐይን ተጋጠሙ። ሴቶቹ አለመግባታቸውን አሳምሮ ያውቃል። አወቀና ምን አደረገ? መነጽሩን ወደ ዐይኑ አወረደ፣ ወረቀቱን አነሳ፣ እየተቻኮለ አነበበው። ያቺን ሺህ ዓመት የኖረች ቃል ሲያሞግስ ያልቸኮለ ሰው አሁን እሳት እንደያዘው ሰው ቸኮለ።

«የደገፋችሁ አዎን በሉ።»

ከአዳራሹ ወፍራም ጉምጉምታ ተነሳ። የማን እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉም አፉን ሳይከፍት በደረቱ የተናገረ ይመስላል።

«የተቃወማችሁ ኔይ በሉ።»

«ኔይ!» ብላ ኢዴላ በመስኮቷ ጮኸች። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሦስት የሰለሉ ድምፆች ከእሷ ኋላ ተከተሉ። ጮክ ብሎ ያለ ማንም የለም። የልጇን ድምፅ ፈለገች፤ አልሰማችውም። የእኔ ጩኸት ውጦት ነው አለች በልቧ።

«ከአዳራሹ ውጭ የተሰማ ድምፅ አይያዝም፣» አለ ሃርላን ወረቀቱን እያየ።

የኢዴላ ደም ፈላ። ይቺን ሰዓት ታውቃታለች። ሰብሳቢው «ደጋፊዎቹ ያመዘኑ ይመስላል» ይልና ትንሽ ትንፋሽ ይወስዳል፤ ከዚያ «ደጋፊዎቹ አሸነፉ» ብሎ በመዶሻው ይመታል። ተቃውሞ ያለው ሰው መናገር የሚችለው በዚያች ትንፋሽ ላይ ነው። መዶሻው ከወረደ ያለቀ ነው፤ እግዜር ራሱ ቢመጣ አይከፈትም።

«ደጋፊዎቹ ያመዘኑ ይመስላል…»

ኢዴላ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። ሽርጧ በወጥ ተለውሷል፤ የእንጨት ማማሰያው እጇ ላይ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ከኋላዋ ተግተልትለው ገቡ፤ አንዷ እጇ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው።

«ውጤቱን አልቀበልም፣» አለች።

ሃርላን መዶሻውን አንስቶ ቀረ። «ሲናገሩ በሰብሳቢው በኩል ይናገሩ፣ ወይዘሮ ትዊቸል።» ቤት አንቺ ይላታል፤ እዚህ እርስዎ ማለት አለበት፣ ደንቡ ነው። ዳይፐሩን የቀየረችለት ወንድሟ እርስዎ ሲላት አንጀቷ አረረ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣» አለች፣ ቃሉን እየተፋችው፣ «ውጤቱን አልቀበልም። ይቆጠር።»

«ሮይስ፣» አለች ቀጥላ፣ ደንቡንም ረስታ፣ «ይሄን ያህል ዓመት አብልቼሃለሁ። እኔ ወጥህን ሳማስል ነው የምትቀብረኝ? ቢያንስ አጉርሼህ እስክጨርስ አትጠብቅም?»

አንዳንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። ሮይስ ቀላ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ እኔ በኢዴላ ላይ ምንም ቂም የለኝም። አንድ ቤት ነው፣ አንድ ሰው ነው። መጥረጊያው መኪና እሷ ዳገት ላይ ሲለፋ እዚህ ታች ልጆች ትምህርት ቤት መሄጃ ያጣሉ። እውነቱ ይሄው ነው።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ከሰው እንዳይቀያየም፣ ከፈለገች በምስጢር ወረቀት ይሁን። ማንም ማንን አያይም። እኔ አልቃወምም።»

ቨርና የኢዴላን ክንድ ያዘች። «ተቀበይ፣» አለቻት በጆሮዋ። «በወረቀት ብዙ ሰው ካንቺ ጋር ነው፤ ሮይስን ፈርቶ ነው ድምፁን የዋጠው። ሃርላንም በወረቀት ይመርጣል፤ በመቆም ከሆነ ግን ሰብሳቢ አይቆምም።»

«እና እሱ በድብቅ ነው ወንድሜ የሚሆነው?»

«ኢዴላ፣ ስለ ፈጠረሽ።»

ቨርና እውነቷን ነበር። ኢዴላም እውነቷን እንደሆነ አላጣችውም። ግን ያን ጊዜ ማሸነፍ አልነበረም የፈለገችው። በየበሩ ቆሞ «አይዞሽ» ያላትን ሁሉ ለይታ ማየት ፈለገች። ቦሎቄዋን የበላ፣ ላሙ ስትታመም እሷን የጠራ፣ ኦረንን ተሸክሞ የቀበረ ሰው ሁሉ በእግሩ ቆሞ ያድርገው። በጉምጉምታ አይደለም፤ በታጠፈች ወረቀት አይደለም። ንዴት እንዲህ ነው፤ ያሰበችው ነገር ትክክል ይመስላት ነበር።

«ወረቀት አልፈልግም፣» አለች። «ይቁሙ። በእግራቸው ይቁሙ፣ ፊታቸውን ልየው።»

ሃርላን አያት። ዐይኑ ውስጥ አንድ ልመና ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማራቸው ልጆች እንኳ አይተውት የሚያውቁት ነገር አይመስልም። «ወይዘሮ ትዊቸል፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ክቡር ሰብሳቢ፣ መስማት ተሳነህ እንዴ?»

«እንግዲያው በመቆም ይሁን፣» አለ ሃርላን። «ከዚያ በፊት የሚናገር አለ?»

ኢዴላ ተናገረች። ረጅም ንግግር አልነበረም። «ይሄ መንገድ ለእኔ ነው አትበሉ፣» አለቻቸው። «አባቶቻችሁ በዚህ መንገድ ወርደው ነው እዚህ አዳራሽ የተቀመጡት። ሰባት ቤት ነበረ፤ ስድስቱ ወረደ፣ እኔ አልወርድም ስላልኩ ነው ዛሬ የምትቀጡኝ። ውረጅ በሉኝ። ግን ፊቴን እያያችሁ በሉኝ።» ከዚያ ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ማማሰያዋን እንደያዘች ቆመች። ምድጃው ላይ አንድ ነገር ሲንተከተክ ይሰማል፣ ሄዶ የሚያወርድ ግን ጠፋ።

«መንገዱ በበረዶው ወራት አይጠረግ የሚለውን የምትደግፉ፣ ቁሙ።»

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተነቃነቀም። ኢዴላ በሆድዋ አሸነፍኳቸው አለች። ከዚያ ሮይስ ቆመ፤ እሱስ ይቆማል፣ ቢያፍርም አይደበቅም። ቀጥሎ የነዳጅ ማደያው ባለቤት ቆመ። ቀጥሎ ባልና ሚስት፣ ባልየው መጀመሪያ፣ ሚስትየዋ ቀሚሷን እየጎተተች። አንድ በአንድ፣ እዚህም እዚያም፣ ወንበሩ እየተንቋቋ ተነሱ። ኢዴላ አንዱንም ሳታሳልፍ ዐይን ዐይኑን አየችው። ማክሰኞ ዕለት «ከአንቺ ጋር ነን» ያላት ሰውዬ ቆመና ጣሪያውን ያይ ጀመር።

«ጣሪያው ላይ ምን አለ?» አለችው። «እኔ እዚህ ነኝ።»

«ወይዘሮ ትዊቸል፣» አለ ሃርላን።

ቢሆንም ብዙ አልነበሩም። ቨርና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች፤ ፊቷ እየፈካ መጣ። የተቀመጠው ይበዛል፣ ሴቶቹም አሉ። ሃርላንም ቆጠራውን ሊዘጋ እጁን አነሳ።

ያን ጊዜ ከኋላው ግድግዳ አጠገብ ዌንዴል ተነሳ።

ኢዴላ መጀመሪያ የተሳሳተ መሰላት። ልጁ አርባ ሊሞላው የደረሰ ሰውዬ ነው፣ ቢሆንም ከልጅነቱ ጀምሮ ሐሳቡ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ጊዜ አለ። «ዌንዴል፣» አለችው፣ «አሁን የሚቆሙት እኮ እነሱ ናቸው። ተቀመጥ።»

ዌንዴል አልተቀመጠም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ጨብጦታል።

«ተቀመጥ አልኩህ።»

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ማን እንደሚቆም።»

ሃርላን መዶሻውን ማንሳት ይችል ነበር፤ ከሰብሳቢው ውጭ ሁለት ሰው እርስ በርሱ መነጋገር ክልክል ነው። አላነሳውም።

«ጠዋት ምን አልከኝ?» አለች ኢዴላ። ድምጿ ተለወጠ። «ጠዋት፣ ድስቱን ስታወርድ፣ ምን አልከኝ?»

«እሺ አልኩሽ።»

«እና?»

«ምን ልበልሽ ሌላ?» ዌንዴል ኮፍያውን አየው። ቀና ሲል ፊቱ ቀልቶ ነበር። «እማዬ፣ በጥር ዳገቱ ላይ ቋጥኙ ጋ ስዞር መኪናው ተንሸራቶ ለቀቀኝ። ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ። የፊት ጎማው ከመንገዱ ወጥቶ አየር ላይ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እግሬን ፍሬኑ ላይ አድርጌ፣ በሩን ለመክፈት ፈርቼ። ከዚያ በኋላ በረዶ በጣለ ቁጥር ሌሊቱን አልተኛም። ሚስቴን ጠይቂያት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ። ያን ቀን መጥቼ መንገዱ ክፉ ነው ዛሬ አልኩሽ። ‘ቦቴው ሰባት ሰዓት ነው የሚመጣው፣ ድገምና ጥረገው’ አልሽኝ። ደገምኩት።»

ኢዴላ ያን ቀን አላስታወሰችውም። እንዲህ ያለ ቀን ብዙ ነበር። ይህ ደግሞ ይበልጥ አበሳጫት፤ ሰው ፊት እንዲህ ብሎ ሊያዋርዳት፣ እዚህ፣ በሮይስ ፔተንጊል ፊት። ቤት መጥቶ ቢነግራት፣ ኩሽና ገብቶ ጠረጴዛውን ቢመታ፣ ተጣልተው ይለያዩ ነበር እንጂ! ደግሞም ማስተዋል ከፈለገች፣ ቤቷ መጥቶ ጠረጴዛ መትቶ የወጣ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

«ሃርላን፣ ቁጠር፣» አለች። ክቡር ሰብሳቢ ማለቱ ቀረ።

ሃርላን ቆጠረ። ከዚያ ተቃዋሚዎቹን አስነሳ፤ ኢዴላ ቆማ ስለነበር እጇን ብቻ ወደ ላይ አነሳች። ሴቶቹ ሁሉ አነሱ። ከወንዶቹም ያልጠበቀቻቸው ተነሱ፤ በሩን እንኳ ሳይከፍትላት የሸኛት አንድ ጎምዛዛ ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል። በሁለቱም ጊዜ ከወንበሩ ያልተነሳ ሰው ግን ጥቂት አልነበረም። ሃርላን ሁለቴ ቆጠረ። ሦስተኛም ቆጠረ። ወረቀቱ ላይ ጻፈና ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሀሳቡ አልፏል፣» አለ። «በአንድ ድምፅ።»

መዶሻውን በቀስታ አሳረፈው። እኩል ቢሆን ሀሳቡ ይወድቅ ነበር። ዌንዴል ኔይ ማለቱን ተዉት፣ ቁጭ ብሎ ቢቀር ኖሮ መንገዱ ይተርፍ ነበር። ቨርና «በወረቀት ቢሆን…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሃርላን ከመድረኩ ወርዶ ወደ እህቱ ሁለት እርምጃ መጣ፤ ፊቷን ሲያይ እዚያው ቆመ።

ሰዉ ለምሳ ተነሳ፣ ግን ወደ ማድ ቤቱ መስኮት የሚሄድ አልነበረም። ሁሉም ዳር ዳሩን ይዞ ይጠብቃል። ዌንዴል ግን በመካከለኛው መተላለፊያ ቀጥ ብሎ መጣና እናቱ ፊት ቆመ። ይሄን ያህል ቀርቦ ቆሞ ወለሉን ሳያይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

«ደስ አለህ?» አለችው።

«አላለኝም።»

«አባትህ ያን ዳገት ተሸክሞ ነው የሞተው።»

«አውቃለሁ።»

«ሠላሳ ላም። እያንዳንዷን በስሟ እየጠራህ ነው ያደግኸው። እንግዲህ እኔ ሚያዝያ ላይ ነው የምሸጣቸው፤ እስኪራቡ አልጠብቅም። ጫኙ አንተ ነህ። ይሄን ያደረግኸው አንተ ነህ፤ መጥተህ አንድ በአንድ ከበረቱ አውጥተህ መኪናው ላይ ትጭናቸዋለህ። እኔ ቆሜ አይሃለሁ። ሰምተሃል?»

ሮይስ ይሰማል፣ ሃርላን ይሰማል፣ ዱቄታም እጅ ያላት ሴት አፏን ይዛ ትሰማለች። ዌንዴል እናቱን አየ። ዕድሜ ልኩን «እሺ እማዬ» ያለው አፍ ተከፈተ። ኢዴላ እሺታውን ጠበቀች፤ የፈለገችው እሱን ብቻ ነበር፣ ልትተፋው።

«ኔይ፣» አለ ዌንዴል።

ጮክ አላለም። ሽኮርመምም አላለም። በታርቤል ያቺን ቃል ከድምፅ መስጫ ውጭ፣ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ለሰው የተናገራት ሰው የሚያስታውስ የለም። ሃርላን እንኳ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ልሽጥ ካልሽ አንቺ ሽጪያቸው፣» አለ ልጇ። «ቅዳሜ መጥቼ አልብልሻለሁ፤ እሑድም መጥቼ አልብልሻለሁ። እስከ ታኅሣሥ በየቀኑ እመጣለሁ። መጫኑን ግን አልጭንም።»

ኢዴላ ልትሰድበው ፈለገች፣ ልትመታው ፈለገች፣ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ልታለቅስም ፈለገች፤ የቱን እንደምታስቀድም አላወቀችም። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ሌላ ቀን ቢሆን፣ «ምን አልክ? ድገመው!» ብላ ታፋጥጠው ነበር። ልጇን ግን እንዲደግመው አልጠየቀችውም። ሰምታዋለች።